በብራንዲ በርሜል የሰነበተ ውስኪ እንዴት ይጣጣማል?

የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ጠርሙስ ላይ «ኮኛክ ካስክ ፊኒሽ» ወይም «ብራንዲ ካስክ ፊኒሽ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ጽሑፉን ያነባል፤ ይቀዳል፤ በረዶ ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ ይጎነጫል። ከዚያ «ለስለስ ይላል» ብሎ ያልፈዋል። እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። በዚያች ብርጭቆ ውስጥ የሁለት በርሜል ሥራ አለ። አንደኛው ውስኪውን ከሕፃንነቱ ያሳደገው ነው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ተቀብሎ ያሰነበተው ነው። አጣጣሙን ካወቅንበት ሁለቱን መለየት እንችላለን። አንድ ሰዓት፣ ንጹሕ አፍንጫና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ

ሲንግል ሞልት ማለት ከአንድ ማምረቻ ብቻ የወጣ፣ ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ ብቻ የተሠራ ውስኪ ነው። የተጠመቀው ብቅል በመዳብ ጋን ይፈላል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለቴ ይደገማል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቀጥሎ የበርሜሉ ዘመን ይመጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የስኮች ውስኪ ደንብ፣ ውስኪው እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲተኛ ያዛል። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ከውሃና ከተራ ካራሜል ቀለም በቀር ምንም መጨመር አይፈቀድም።

ደንቡን ያነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «ብራንዲ ተቀላቅሎበታል» ብሎ ያስባል። አልተቀላቀለም። ውስኪው የሚሞላው ብራንዲው ወጥቶ ያለቀበት ባዶ በርሜል ውስጥ ነው። ጣዕሙ የሚመጣው እንጨቱ ለዓመታት ከመጠጠው ነው። የጠላ ጋን በወይራ የሚታጠነው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ዕቃው መጠጡን ይለውጠዋል።

በተለመደው አካሄድ ውስኪው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት፣ 200 ሊትር ገደማ በሚይዝ በርሜል ነው። ቫኒላ፣ ማርና ኮኮናት የሚመስለውን ጣዕም የሚያገኘው ከዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ሁለተኛው በርሜል ይገለበጣል። እዚያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይሰነብታል። ጠርሙሱ ላይ «ፊኒሽ» የሚባለው ይህ ነው። ይህን በርሜል የመቀየር አሠራር በማስለመድ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ባልቬኒ የሚባለው የስኮትላንድ ማምረቻ ባለሙያ ዴቪድ ስቱዋርት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ቡርቦን በነበረበት በርሜል ያደገ ውስኪ ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን ጠጅ ወደነበረበት በርሜል አዛውሮ ሞከረ። ብራንዲና ኮኛክም ያንኑ መንገድ ነው የተከተሉት።

«ብራንዲ» ሰፊ ስም ነው። የትኛው እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ፈልጉ። ኮኛክ የሚመጣው ከፈረንሳይ ነው። በዋናነት ዩኚ ብላን ከሚባል ነጭ ወይን ተሠርቶ፣ እሱም በመዳብ ጋን ሁለቴ ወጥቶ፣ ቢያንስ 2 ዓመት በኦክ በርሜል ይቆያል። የኮኛክ በርሜል ለውስኪው የሚሰጠው ዘቢብ፣ ደረቅ አፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም አበባ አበባ የሚል ሽታ ነው። የስፔኑ የሄሬዝ ብራንዲ ደግሞ የሚያድገው ሼሪ በነበረበት በርሜል ነው። ስለዚህ ጠቆር ይላል፤ ወደ ተምር፣ ወደ በለስና ወደ ለውዝ ያደላል። ከሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር አትጠብቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ዘ ግሌንሊቬት ካፕቴንስ ሪዘርቭ ጥሩ ነው። መጨረሻውን በኮኛክ በርሜል ያሳለፈ፣ ገበያ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ውስኪ ነው። ማምረቻው ስፔይሳይድ በሚባለው የስኮትላንድ አካባቢ ይገኛል። መሥራቹ ጆርጅ ስሚዝ ሕጋዊ ፈቃድ ያወጣበት በ1824 እ.ኤ.አ. ነበር። ገንዘብ ለማይቸግረው ግሌንፊዲች ግራንድ ኩሮን አለ፤ 26 ዓመት ያረጀ፣ መጨረሻውን በኮኛክ በርሜል ያሳለፈ። ለመማር ግን ውድ ጠርሙስ አያስፈልግም። እንዲያውም ለመማር ርካሹ ይሻላል፤ ስትሳሳቱ አያንገበግባችሁም።

ቤቱንና አፍንጫውን አዘጋጁ

ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ዕጣን እየጨሰ ውስኪ አይጣጣምም። የቡና ቁላውን ለሌላ ሰዓት አቆዩት። ሽቶ አትቀቡ። ጥርሳችሁን ከቦረሻችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልታችሁ ከሆነማ ለነገ ተዉት፤ ምላሳችሁ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ባዶ ሆድ ግን አይሁን። ትንሽ ነጭ ዳቦ ብሉ። ዳቦው በብርጭቆና በብርጭቆ መሐልም አፍ ያጸዳል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። በ2001 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የወጣው ግሌንኬርን የሚባለው ብርጭቆ ለዚሁ የተሠራ ነው። ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሆናል። ብርሌን አስቡት፦ ሆዱ ሽታውን ይሰበስባል፣ አንገቱ ይይዘዋል። ሐሳቡ ያው ነው። ችግሩ በብርሌ አንገት አፍንጫ አይገባም። የአረቄ መለኪያና አፉ የተለቀቀ የውስኪ ብርጭቆ ግን ሽታውን ስለሚበትኑት አይሆኑም።

አሁን ዋናው ዝግጅት። ከቻላችሁ ሦስት ብርጭቆ ደርድሩ። በመጀመሪያው የዚያው ማምረቻ፣ ብራንዲ በርሜል ያልነካው ውስኪ ይቀዳ። ለካፕቴንስ ሪዘርቭ ከሆነ ግሌንሊቬት 12 ዓመቱ ይስማማል። በሁለተኛው የምታጣጥሙት ውስኪ ይቀዳ። በሦስተኛው አንድ ማንኪያ የምታህል ኮኛክ። ሁለተኛው ብርጭቆ በሁለቱ መካከል እንደ ልጅ ይቆማል፤ ከእናቱ ምን፣ ከአባቱ ምን እንደወሰደ ታያላችሁ። ይህን አንዴ ያደረገ ሰው አሥር መጽሐፍ ከሚያነብ በላይ ይማራል ብል አላጋነንኩም።

ሦስት ጠርሙስ ማግኘት ካልሆነላችሁ ሌላ ዘዴ አለ። በየቡና ሲኒው ማስቀመጫ ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር አድርጉ፦ ሞቅ ባለ ውሃ የራሰ ዘቢብ፣ ማር፣ ወዲያው የተላጠ የብርቱካን ልጣጭ፣ የተሰበረ ቀረፋ፣ አንድ ቁንጥር በሶ። እነዚህ መፍቻችሁ ናቸው። ብርጭቆውን ታሸታላችሁ፤ ወደ ሳህኑ ትመለሳላችሁ፤ ታመሳክራላችሁ።

ለአንድ ብርጭቆ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ይበቃል። 25 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ሦስት ብርጭቆ ሲደመር ቀላል አይደለም። አጣጥሞ መትፋት ነውር የለውም፤ ባለሙያዎቹም ያደርጉታል። መኪና የሚይዝ ሰው ደግሞ ያን ቀን ጨርሶ አይቅመስ።

ዓይን ቶሎ ይጨርስ

ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። ወርቃማ ነው? ወደ መዳብ ያደላል? አዘንብላችሁ መልሱትና በብርጭቆው ግድግዳ የሚወርደውን ክር ተመልከቱ። ወፍራምና ዝግተኛ ከሆነ የአልኮሉ መጠን ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ በዓይን አትፍረዱ። ካራሜል ቀለም የተፈቀደ ስለሆነ የጠቆረ ሁሉ ብራንዲ በርሜል ውስጥ ብዙ ቆየ ማለት አይደለም። ጀርመን የሚሸጥ ጠርሙስ ከሆነ ቀለም የተጨመረበት መሆኑ ላዩ ላይ ይጻፋል። ሌላ ቦታ ገዝታችሁ ቀለም አልተጨመረም የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ያኔ ቀለሙን ማመን ትችላላችሁ።

ማሽተት፦ ዋናው ሥራ ይህ ነው

ከቀዳችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ተዉት። ይህችን አሥር ደቂቃ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው «አልኮል ብቻ ነው የሚሸተኝ» የሚሉት።

እኔም መጀመሪያ ላይ አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ነክሬ በኃይል ሳብኩ። ዓይኔ አለቀሰ። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ነገር አልሸተተኝም። ውስኪ ወይን አይደለም፤ አልኮሉ ብዙ ነው፤ አፍንጫን ያደነዝዛል። ብርጭቆውን በኃይል ማሽከርከርም አያስፈልግም።

እንዲህ አድርጉ። ብርጭቆውን በመጀመሪያ አገጫችሁ ዘንድ ያዙት። አፋችሁን ትንሽ ክፈቱ። በአፍም በአፍንጫም በእርጋታ ሳቡ። ቀጥሎ ወደ ከንፈር፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ አምጡት። አፍ የተከፈተው አልኮሉ በአንድ በር ብቻ እንዳይገባ ነው። አጭር አጭር ሦስት ጊዜ አሽትታችሁ አሳርፉ። አፍንጫችሁ ከደከመ የገዛ ክንዳችሁን ወይም የሸሚዛችሁን እጅጌ አሽቱ። የራስ ጠረን አፍንጫን ይመልሳል።

ስም ማውጣቱ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። አንድ ቡና ቀማሽ አሉ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። አብረን ስናጣጥም እኔ ከጠርሙሱ ካርቶን ላይ ማርማሌድ፣ ቶፊ እያልኩ አነብ ነበር።

«ቆይ፣ ወረቀቱን አስቀምጠው» አሉኝ። «እናትህ ጓዳ ምን ምን ይሸት ነበር?»

ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አሸተትኩ። «ጋሼ፣ በሶ በሶ ይለኛል። ደግሞ ዘቢብ ያለበት ዳቦ።»

«በቃ! ይኸው አገኘኸው።»

እውነትም አግኝቼው ነበር። በሶው ብቅሉ ነው። ገብስ ገብስ ነው፤ ስኮትላንድም ቢታመስ፣ ጎጃምም ቢታመስ። ዘቢቡ ደግሞ ከወይን የመጣው የኮኛክ በርሜል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በማላውቀው ፍሬ ስም አልጨነቅም።

ስታሸቱ ሦስት ጥያቄ በተራ ጠይቁ። እህሉ የት አለ? በሶ፣ አሻሮ፣ ትኩስ ዳቦ፣ አንዳንዴም ፖምና ሙዝ የሚመስል ሽታ ካገኛችሁ ያ ከብቅሉና ከእርሾው ነው። የመጀመሪያው በርሜልስ? ቫኒላ፣ ማር፣ ኮኮናት፣ ብርዝ ብርዝ የሚል ነገር ፈልጉ። መጨረሻ ላይ ብራንዲው፦ ዘቢብ፣ አፕሪኮት፣ ኮክ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ብርጭቆ ተመለሱና አሽቱ። እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ምንድን ነው? ያገኛችሁትን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ኮኛኩን አሽቱ። የጻፋችሁት ነገር እዚያ ካለ በትክክል ይዛችሁታል።

ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይገኝም። የፈረንሳይ ኦክም ቫኒላ ይሰጣል። ቅመሙም ከሁለቱም እንጨት ሊመጣ ይችላል። ያልለያችሁትን «አልለየሁትም» ብላችሁ ጻፉት።

አንድ ሌላ ነገር ሞክሩ። ጣታችሁን ነክራችሁ አንድ ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አድርጉ። ሁለቱን መዳፎች አሹ። አልኮሉ ወዲያው ይተናል፤ ቅዝቃዜው ይሰማችኋል። አሁን መዳፋችሁን አሽቱ። መጀመሪያ እህሉ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ ይቀራል።

መቅመስ

የመጀመሪያዋ ጉንጭ ለፍርድ አይደለችም። ምላስን ለማለማመድ ናት። የሻይ ማንኪያ ግማሽ የምታህል ውሰዱ፤ አፋችሁን ታዳርስ፤ ዋጡ ወይም ትፉ። ብታቃጥል አትደንግጡ።

ለሁለተኛዋ ትንሽ ጨምሩ። ምላስ ላይ አስቀምጣችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ያዙት። ወደ ጉንጭ፣ ወደ ምላስ ሥር ይሂድ። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ብዙ ሰው ይህችን ትንፋሽ ይረሳታል። ለእኔ የአጣጣሙ ግማሽ እሷ ናት፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር በዚያ መንገድ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነውና።

ጣዕሙ በተራ ነው የሚመጣው። በአብዛኛው የምላስ ጫፍ ሲነካ ጣፋጩ ይቀድማል፦ ማር፣ ቫኒላ። መሐል ላይ ብቅሉ ሞላ ብሎ ይመጣል። የብራንዲ በርሜል ደግሞ ዘግይቶ መግባት ይወዳል። ደረቅ ፍሬው፣ ቅመሙ፣ ከዚያም ድድን ጠበቅ የሚያደርግ፣ ጠቆር ያለ ሻይ የሚመስል መድረቅ ይከተላል። ያ መድረቅ ታኒን ከሚባለው፣ አፍ ከሚያደርቀው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ነው። በልኩ ሲሆን ጣፋጩን ይገራዋል። ሲበዛ አፍን እንጨት እንጨት ያሰኛል፤ በርሜሉ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቷል ማለት ነው።

ከዋጣችሁ በኋላ ሰዓት እዩ። ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? መጨረሻ ላይ የቀረው የትኛው ነው፣ ማሩ ወይስ ዘቢቡ? ይህንንም ጻፉ።

ፍርዴን ልንገራችሁ። ጥሩ ፊኒሽ ማለት ብራንዲው መጥቶ ብቅሉ ያልጠፋበት ነው። ዘቢብ ብቻ የሚሸት፣ በሶው የትም የማይገኝበት ውስኪ አጋጥሞኛል። ጣፋጭ ነበር። ግን ያን ከፈለግሁ ኮኛኩን ራሱን እጠጣለሁ። የገብሱን ልፋት የሸፈነ በርሜል፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤቱን ከቤት ያስወጣ ነው የሚመስለኝ።

ውሃው

እኛ ጋ ውስኪ በአምቦ መበረዝ የተለመደ ነው። ለጨዋታ ምሽት ይሁን። ለማጣጣም ግን ጋዙና ማዕድኑ ምላስን ስለሚይዙት ተዉት። ጋዝ የሌለው፣ ጣዕሙ የማይታወቅ ውሃ፣ እንደ ክፍሉ ሙቀት የሆነ ተጠቀሙ። በረዶም ሽታውን ስለሚዘጋው ይቅር።

በጠብታ ጀምሩ። ስትሮ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ላዩን በጣት ዝጉና ሁለት ሦስት ጠብታ ልቀቁ። ውሃው ሲገባ ዘይት የመሰለ ክር ውስኪው ውስጥ ሲጠማዘዝ ታያላችሁ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱት፤ ያምራል። ከዚያ አሽቱ።

የሚሠራበት ምክንያት አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ስዊድን ያለው የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተው አሳይተዋል። የጭስ ጠባይ ያለው ጓያኮል የሚባል ንጥረ ነገር፣ አልኮሉ ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ፈሳሹ ውስጥ ይሸሻል፤ ውሃ ሲጨመር ወደ ላይኛው ገጽ ይቀርባል። አፍንጫችን ያለው ደግሞ በዚያ በኩል ነው።

ምን ያህል? ባለ 40 በመቶ ውስኪ 25 ሚሊ ሊትር ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ብትጨምሩ ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ለብዙዎቹ ይህ ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ አፍ ላይ ይቀጥናል። ከበርሜል እንደወጣ የታሸገ፣ ለምሳሌ 58 በመቶ የሆነ ከሆነ ግን 7 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምራችሁ 45 ላይ አድርሱት። ብርጭቆው ከደፈረሰ አትደንግጡ። ሳይቀዘቅዝ የተጣራ ውስኪ ውሃ ሲነካው እንዲህ ያደርገዋል፤ ጉድለት አይደለም።

ውሃ ከገባ በኋላ በተለይ የብራንዲውን ፍሬ ፈልጉ። የእኔ ልምድ፣ ቀድሞ ተደብቆ የነበረው አፕሪኮትና የብርቱካን ልጣጭ እዚህ ላይ ነው ብቅ የሚለው። ቅመሙ በአንጻሩ ይለዝባል። የቱ እንደሚሻል የእናንተ ምላስ ይወስን።

ብቅሉ በጭስ ስለደረቀ ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ አብራችሁ የምታጣጥሙ ከሆነ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከጭስ በኋላ ኮኛኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ብርጭቆውን አትጠቡት

ሲያልቅ ሁለተኛውን ብርጭቆ ለይታችሁ አስቀምጡ። አፉን በሲኒ ማስቀመጫ ክደኑት። ጠዋት ስትነሡ፣ ቡናው ሳይቆላ፣ ክዳኑን አንሡና አሽቱ። አልኮሉ ሄዷል። ታችኛው ላይ የደረቀች ቀጭን ወርቃማ ቀለበት ቀርታለች። እዚያች ላይ ማርና ሰም፣ የደረቀ እንጨት፣ ከሥሩ ደግሞ ዘቢብ ታገኛላችሁ። ትናንት «አልለየሁትም» ብላችሁ የጻፋችሁትን ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉና አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሽቱ።